ከጎተራ የተገኘ ትምህርት፦ ኮምፒዩተር፣ ወሬና ኅብረተሰብ



«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ሲፈጠር ስልክ በማንም ኪስ ውስጥ አልነበረም። ወሬ የሚመጣው በእግረኛ፣ በነጋዴ፣ ቢበዛም በአዋጅ ነጋሪ ስለ ነበረ ለመላው በቂ ጊዜ ነበረው። ዛሬ ግን ወሬው ከመላው ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሠራ፣ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ምን እንዳመጣና እኛ ነገ መምህራን የምንሆን ሠልጣኞች ምን ማወቅ እንደሚገባን ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ዕውቀቱ የእኔ አይደለም። በጎተራ ኮንዶሚኒየም እኛ በምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ጡረተኛ ፕሮግራመር ይኖራሉ። ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላሳሰቡኝ እንደ ሰፈሩ ልጆች «ጋሼ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

፩. ነገሩ እንዴት ተነሣ

በክፍላችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «የማስተማር ልምምድ ለአንድ ሳምንት ተራዝሟል» የሚል ደብዳቤ ከነማኅተሙና ከነፊርማው በፎቶግራፍ ተለቀቀ። ማን እንደ ለቀቀው አላጣራሁም። ደስ ብሎኝ ወዲያው ለሌሎች ሦስት ቡድኖች አስተላለፍኩት። አንዲት ጓደኛዬ እኔ የላክሁትን አምና ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤተሰቦችዋ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደች። ሰኞ ጠዋት ግን ልምምዱ ምንም ሳይራዘም ተጀመረ። እርስዋ ሰምታ እስክትመለስ ሁለት ቀን አለፈ፤ የተመደበችበትም ክፍል ለሌላ ሠልጣኝ ተሰጥቶ ቆያት። አሁን ልምምዱን በሚቀጥለው ዙር ልትደግም ነው። ከእኔም ጋር እንደ ድሮው አንነጋገርም።

ደብዳቤውን ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ራቅ ቀረብ እያደረጉ አዩት።

«ደብዳቤው ሐሰት አይደለም ልጄ። ማኅተሙም እውነተኛ ነው፣ ፊርማውም እውነተኛ ነው። ቀኑን አይተሽዋል?» አሉኝ።

አላየሁትም ነበር። በጣቴ አስፍቼ ሳየው ለካ የአምና ደብዳቤ ኖሯል!

«ማሽኑ ውሸት አልተናገረም። አንቺም ልትዋሺ አላሰብሽም። ውሸቱ ግን ተፈጸመ። ቁጭ በይ፣ እንዴት እንደ ሆነ ላስረዳሽ» አሉና ወንበር አቀረቡልኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ቀንና ከዚያ በኋላ የተጨዋወትናቸው ነገሮች ድምር ነው።

፪. ፕሮግራመር ማለት ምን ማለት ነው?

ጋሼ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ከዘመቱት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። ከዘመቻ መልስ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ተቀጥረው መጀመሪያ ካርድ በመብሳት፣ በኋላም ፕሮግራም በመጻፍ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርተዋል።

ካርድ መብሳት ሲባል ግር ሊለን ይችላል። በዚያን ጊዜ ለኮምፒዩተር የሚነገረው ነገር ሁሉ በጠንካራ ወረቀት ላይ በቀዳዳ ይጻፍ ነበር። አንድ ካርድ 80 ዓምድ ስላለው የሚይዘው 80 ፊደል ወይም ቁጥር ብቻ ነው። የዚህ ብልሃት አባት ኸርማን ሆለሪት የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ1890 ለአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራ ውሏል። በእኛም አገር የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብና ቤት ቈጠራ በግንቦት 1976 ዓ.ም. ሲካሄድ ከ42 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ መኖሩ ታውቋል። ይህን የሚያህል ቍጥር በእስክርቢቶ ደምሮ መጨረስ እንደማይቻል ማንም ይረዳዋል። ኮምፒዩተር የተፈለገው ለዚህ ነው እንጂ ለቅንጦት አልነበረም።

ታዲያ የፕሮግራመር ሥራ ምንድን ነው? ጋሼ እንዲህ ብለው አስረዱኝ። «እጅግ ፈጣን፣ እጅግ ታዛዥ፣ ነገር ግን ምንም የማያውቅ ሠራተኛ ተቀጠረልሽ እንበል። ሽሮ ሥራ ብትይው አይገባውም። ድስት አንሣ፣ ውሃ ጨምር፣ ምድጃ ለኵስ፣ ውሃው እስኪፈላ ጠብቅ፣ ከፈላ ሽሮውን በትን፣ አማስል እያልሽ አንድ በአንድ መንገር አለብሽ። አውጣ ካላልሽው እያረረም ያማስላል። ማሽን ማለት ይኸው ነው። ፕሮግራመር ማለትም ምንም ነገር ሳይዘነጋ ትእዛዙን በቅደም ተከተል የሚጽፍ ሰው ነው።»

የእርሳቸው ትእዛዝ የሚጻፈው ኮቦል በሚባል ቋንቋ ነበር። ኮቦል እ.ኤ.አ. በ1959 ለንግድና ለአስተዳደር ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው።

ለእኛ ለመምህራን የሚቀርብ ምሳሌም ሰጡኝ። ለማሽኑ «ማርኩ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አለፈ በል፣ አለዚያ ወደቀ በል» ብለን እንዘዘው። ትእዛዙ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን አንድ ልጅ ታሞ ሳይፈተን ቢቀር በስሙ ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ይሆናል። እንዲህ የታዘዘ ማሽን ባዶውን እንደ ዜሮ ቈጥሮ «ወደቀ» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። ማሽኑ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ የታመመ ልጅ መኖሩን የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው። «ኮምፒዩተሩ ነው እንዲህ ያለው» ሲባል ስትሰሚ ከኮምፒዩተሩ በስተጀርባ አንድ ነገር የዘነጋ ሰው መኖሩን እወቂ፣ ይላሉ ጋሼ።

፫. አሥራ ሦስተኛው ወር

የውጭ አገር ሰው የጻፈው ፕሮግራም የእኛን ኑሮ አያውቅም። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ጳጉሜን ናት። በውጭው ዓለም ዓመት 12 ወር ነው። ስለዚህ 13 የሚል ወር ሲጻፍለት ማሽኑ «እንዲህ ያለ ወር የለም» ብሎ ይመልሳል። ጋሼ እንዳጫወቱኝ፣ ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ አንድ ሠራተኛ ቅጹ ሁለት ጊዜ ተመልሶበት ሦስተኛ ሲመጣ «እንግዲህ እኔ አልተወለድኩም ማለት ነው?» ብሎ ሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቁም። ማታ ቁጭ ብለው ለጳጉሜን የሚሆን ትእዛዝ ጻፉ። በዓመት 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን መሆንዋን ለማሽኑ አስተማሩት።

የዘመን ልዩነቱም ሌላ ራስ ምታት ነበር። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከፈረንጆች ጥር 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ይሆናል። አንድ ሰው በዚህ ቢሳሳት ጡረታው በአንድ ዓመት ሊዛባ ይችላል።

እ.ኤ.አ. 2000 ሲገባ ዓለም በሙሉ መጨነቁን የሚያስታውሱ አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቀድሞ ፕሮግራመሮች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ 1975ን «75» ብለው ስለ ጻፉ፣ ዓመቱ «00» ሲሆን ማሽኑ 2000 ይሁን 1900 መለየት አይችልም ተብሎ ተፈራ። ቀኑ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር። ብዙ ፕሮግራሞች አስቀድመው ስለ ተስተካከሉ የተፈራውን ያህል ጥፋት ሳይደርስ አለፈ። ጋሼ ግን ሥራቸው በዚህ አላበቃም። በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር የተጻፉት መዝገቦች 2000 የሚገቡት ገና ከ7 ዓመት በላይ ቆይተው ነበር! «ዓለም አርፎ ሲተኛ እኛ ሁለተኛውን ጭንቀት እንጠብቅ ነበር» ይላሉ።

፬. ፊደላችን ወደ ማሽኑ እንዴት ገባ?

ኮምፒዩተር በውስጡ ፊደል የለውም፤ ያለው ቍጥር ብቻ ነው። «ሀ» ብለን ስንጽፍ ማሽኑ የሚያስቀምጠው ለ«ሀ» የተሰጠውን ቍጥር ነው። በቀድሞው አሠራር ለአንድ ፊደል የተመደበው ቦታ ቢበዛ 256 ልዩ ልዩ ቍጥሮችን ብቻ ይይዝ ነበር። ለእንግሊዝኛ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ፊደል ብቻ ነውና። የእኛን እንቍጠር፦ 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ይሆናል። ዲቃላ ፊደላት፣ የግእዝ ቍጥሮች፣ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋል። ቤቱ ጠበበን ማለት ነው።

ይህ ችግር ከኮምፒዩተርም በፊት ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመፍጠር ሲደክሙ የገጠማቸው ፈተና ይኸው የፊደል ብዛት ነው። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ቅጥያውን ለብቻ እየመቱ ፊደሉን መገጣጠም የመጣውም ከዚህ የተነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት በየፊናቸው ተነሡ። በአሜሪካ ከነበሩት መካከል እነ አቶ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ይጠቀሳሉ። በአገር ውስጥም አጋፋሪ፣ ከዚያም ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተባሉት ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ተስፋፉ። ጥረቱ የሚያስመሰግን ነው። ጉድለቱ ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቍጥር መስጠቱ ነበር። አንዱ ቢሮ የጻፈው ደብዳቤ ሌላው ቢሮ ሲከፈት ነጥብና ጭረት የተቀላቀለበት እንቆቅልሽ ይሆናል። ጋሼ «አንድ ፊደል እያለን እንደ ባቢሎን ሰዎች ተደነጋገርን» ይላሉ።

መፍትሔው የመጣው ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። የዚህ ስምምነት ዓላማ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የማይለወጥ የራሳቸውን ቍጥር መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላት፣ ቍጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ገቡ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በጎተራም፣ በጎንደርም፣ በዋሽንግተንም ቍጥሩ 4608 ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ቪስታ የተባለው የዊንዶውስ እትም ኒያላ ከሚባል የፊደል ቅርጽ ጋር ሲወጣ ተጨማሪ ፕሮግራም ሳይገዙ አማርኛ ማንበብ ተቻለ። ዛሬ በስልካችን «ሰላም ነው?» ብለን በፊደላችን የምንጽፈው ብዙ ሰዎች ስማቸው ሳይነሣ ስለ ደከሙበት መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም።

፭. ከሽቦው ወደ መረቡ

የሰፈራችን ስም ራሱ ትምህርት አለው። ጎተራ የእህል ማከማቻ ነው፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከነበረው የእህል መጋዘን ነው ይባላል። ከጎተራ ወረድ ሲሉ ደግሞ ንፋስ ስልክ አለ። ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር የሚሄድ መልእክት ለሰው አስደናቂ ስለ ነበረ ሕዝቡ ሬዲዮውን «የነፋስ ስልክ» አለው። እንግዲህ አንዱ ሰፈር ማከማቻ፣ ሌላው ማስተላለፊያ ነው። ጋሼ «ኮምፒዩተር ማለት ጎተራና ንፋስ ስልክ ሲጋቡ ነው» ብለው ያስቁኛል።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ኮምፒዩተርን ከኮምፒዩተር ማገናኘት ግን በጣም የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። እዚሁ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል ተቋቁሞ ነበር። ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በስልክ መስመር እየደወለ የተጠራቀመውን የኮምፒዩተር ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ይልክና ይቀበል ነበር። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው መልሱን ለማግኘት ቢያንስ እስከ ማግሥቱ ይጠብቃል። ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በጥር 1989 ዓ.ም. በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ፍጥነት ሁላችንም እናውቃለን። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን የተወሰኑ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒዩተር ተፈተኑ።

«ያኔ ደብዳቤው ሌሊቱን ሲያድር እኔም አብሬው አድር ነበር» አሉኝ ጋሼ። «ማታ በንዴት የጻፍኩትን ጠዋት ከመሄዱ በፊት አንሥቼ እቀድደዋለሁ። እናንተ ያጣችሁት ይህን አዳር ነው።»

፮. ወሬው ለምን ይሮጣል?

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። ማኅበራዊ ገጾችን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም የትኛው ጽሑፍ ከላይ እንደሚታይ ይወስናል። የሚወስነውም ሰው ምን ያህል እንደ ተመለከተው፣ እንደ ተከራከረበትና እንዳስተላለፈው እየቈጠረ ነው። ድርጅቶቹ የሚተዳደሩት በማስታወቂያ ስለ ሆነ ሰው ብዙ ሲቆይላቸው ብዙ ገንዘብ ያገኛሉ። ሰውን ከሚያቆየው ነገር ደግሞ ቊጣ፣ ፍርሃትና መገረም ግንባር ቀደም ናቸው። እንግዲህ ማሽኑ «እውነት ነውን?» ብሎ እንዲጠይቅ ካልታዘዘ ከየት አምጥቶ ይጠይቃል? የታዘዘው እንዲቈጥር ነው፤ ይቈጥራል። ታሞ የቀረውን ልጅ «ወደቀ» ያለው ማሽንና ይኸኛው ማሽን ወንድማማቾች ናቸው።

ይህ ጨዋታ እንዳልሆነ የሚያሳይ አሳዛኝ ምሳሌ በገዛ አገራችን አለ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከክስ ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በኩባንያው ላይ በኬንያ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ በ2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ሟቹ እንደ እኛ መምህር ነበሩ። ጽሑፉን «አስተላልፍ» ብለው የነኩ ጣቶች ስንት ይሆኑ? ከእነርሱ መካከል «እኔ ምን አደረግሁ?» የሚል ስንቱ ይሆን?

ሕግም ወጥቷል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 1185/2012 ከ5000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሚፈጸም ጥፋት ላይ ቅጣቱን ያከብዳል። ሆኖም ሕግ የሚደርሰው ከጥፋቱ በኋላ ነው።

ሌላው መንገድ መዝጋት ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ገጽ በመውጣቱ ፈተናው ተሰረዘ፤ እንደገና በተሰጠበት ሰሞን ማኅበራዊ ገጾች ለጥቂት ቀናት ተዘጉ። ስለዚህ ጉዳይ ጋሼን ስጠይቃቸው እንዲህ አሉ፦ «ነቀዝ ገባ ተብሎ ጎተራ አይቃጠልም። እህሉ ለፀሐይ ይወጣል፣ ይበጠራል፣ ይነፋል፣ ተመልሶ ይገባል። ሥራ ይጠይቃል እንጂ ብልሃቱን እናቶቻችን ያውቁታል።»

፯. መልካም ጐኑ

ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበትን ሙያ የሚጠሉ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን ስልካቸውን አውጥተው የእድራቸውን የቴሌግራም ቡድን አሳዩኝ። እድሩ የካዛንቺስ ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ተበትኗል። ድሮ ለቅሶ ሲደርስ ጥሩንባ ይነፋ ነበር፤ ዛሬ ጥሩንባው ቢነፋ የሚሰማው የቀድሞ ጎረቤት የለም። አሁን መርዶውም የቀብሩም ሰዓት በስልክ ይነገራል፤ ሰውም ከያለበት ይሰበሰባል። «ይህን ያደረገው ማሽን ነው?» አልኳቸው። «አይደለም፤ እድሩ ነው። ማሽኑ ጥሩንባውን ተክቷል። ለቅሶ የሚደርሰው ግን አሁንም ሰው ነው። ሐዘኑን በስልክ ብቻ ገልጾ የሚቀር ሰው ሲበዛ ግን እድሩ አለቀለት» አሉኝ።

፰. ራሱ የሚጽፈው ማሽን

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቻትጂፒቲ የተባለው፣ ከዚያም ሌሎች መሰሎቹ ብቅ ብለዋል። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን የቤት ሥራውን በእነርሱ የማያሠራ ጥቂት ነው። እነዚህ ማሽኖች የሚሠሩት ከዚህ ቀደም ሰዎች የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍ አጥንተው፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል በመገመት ነው። ግምታቸው ብዙ ጊዜ ያምራል፤ ሲሳሳቱም በዚያው ባማረ አነጋገር ነው።

ለእኛ የሚያሳስበው ሌላም ነገር አለ። በመረቡ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ባሕር ከሆነ በአማርኛ የተጻፈው ኩሬ ነው። የጎግል ትርጕም እንኳ አማርኛን የጨመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ማሽኑ ከኩሬ ጠጥቶ ስለ ባሕር ሲያወራ ይሳሳታል። ስለዚህ ጋሼ እንዲህ ይላሉ፦ «ጎተራው ውስጥ ያላስገባሽውን እህል አታወጪም። መምህራን በአማርኛና በየቋንቋው ጥሩ ጥሩ ማስተማሪያ ካልጻፉ ማሽኑ ለልጆቻችን የሚሰጣቸው የሰው አገር እህል ነው።»

፱. ከመምህር ምን ይጠበቃል?

ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዓለም የተመሰገነ ነበር። ያኔ ጠላቱ ፊደል አለማወቅ ነው። ዛሬ ፊደል እያወቀ ቀን የማያነብ እንደ እኔ ያለ ሰው በዝቷል። ስለዚህ ሁለተኛ መሠረተ ትምህርት ያስፈልገናል ማለት ነው። ጋሼ ለተማሪ ሊሰጡ ይገባል ያሉዋቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ ማን ጻፈው? ስሙን ያልጻፈ ሰው ሲሳሳት የሚጠየቅ የለም።

ለ/ መቼ ተጻፈ? እውነት የነበረ ነገር ቀኑ ሲያልፍ ሐሰት ይሆናል። ዘመኑ የእኛ ወይም የፈረንጅ መሆኑም ይታይ።

ሐ/ ሌላ ማን ተናገረው? አንድ ደብዳቤ በአሥር ቡድን ቢለቀቅ ያው አንድ ምስክር ነው እንጂ አሥር ምስክር አይደለም።

መ/ ብሳሳት የሚጎዳው ማነው? የሚጎዳ ሰው ካለ ወሬው አንድ ሌሊት ይደር።

ሠ/ ተሳስቼ ከሆነ እርማቱን የት እናገራለሁ? እርማት ስሕተቱ በሄደበት መንገድ ሁሉ መሄድ አለበት።

ይህን ለማስተማር በክፍል ውስጥ ኮምፒዩተር መኖሩ ግዴታ አይደለም። አንድ የቆየ ጋዜጣና ጠመኔ ይበቃል። ልጆቹ ቀኑንና የጸሐፊውን ስም ፈልገው እንዲያወጡ ብናደርግ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

፲. መደምደሚያ

የመጨረሻው ነጥብ አላስተኛኝም። ጋሼን «ፕሮግራም ሲሳሳትባችሁ ምን ታደርጉ ነበር?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። «ስሕተቱን ፈልጎ ማረም ብቻ አይበቃም። ደመወዙ የተዛባበት ሰው ዘንድ ሄጄ እኔ ነኝ እል ነበር። መጀመሪያ ያፍሩበታል፤ ቀጥሎ ይለመዳል፤ በመጨረሻም ሰው የሚያምንሽ በዚህ ይሆናል» አሉኝ።

በስልክ የለቀቅሁትን ወሬ ማን ጋ እንደ ደረሰ እንኳ ዛሬ አላውቅም። ይህ የግድግዳ ጋዜጣ ግን ከዚህ ግድግዳ አይነቃነቅም። እኔም ወደ ምግብ አዳራሽ ስሄድ በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ፤ የምትስቁብኝም የምትጠይቁኝም እዚሁ ታገኙኛላችሁ። ስለዚህ ያ ደብዳቤ የአምና መሆኑን፣ ቀኑን ሳላነብ ያስተላለፍኩትም እኔ መሆኔን በዚሁ አስታውቃለሁ። በዚያው ደብዳቤ በለቀቅሁባቸው ሦስት ቡድኖችም ይህንኑ ጽፌአለሁ። ልምምድዋን የምትደግመው ጓደኛዬን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የትምህርት መርጃዎችዋን አብሬአት ልሠራም ቃል እገባለሁ።

ውድ ሠልጣኞች! ማሽኑ ታዛዥ ነው፤ ማመዛዘን የእኛ ነው። ወሬ ሲደርሰን መላ እንጨምርበት፤ መላ ካጣንለትም እናሳድረው።